ሲወለድ የሚቀዘቅዝ ጥጃና ግልገል፦ ብርድ ነው ወይስ እንቅርት? (ሐዋሳና ዙሪያዋ)

የጥጃ ቤት · ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1:15

ኅዳር ሲገባ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመላለሳል። ጥጃው ቀኑን ጠብቆ ተወልዷል፤ እናቱም ልሳዋለች፤ ግን ጆሮው ቀዝቅዟል፣ ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ አይጠባም፣ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። የተለመደው መልስ «ብርድ መቶት ነው» ነው። ሰሞኑን ደግሞ «እንቅርት ነው፣ አዮዲን ስጡት» የሚል መጥቷል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚበዛው ግን የትኛው እንደሆነ ሳይለይ መድኃኒት እየተገዛ ነው። ለይተን እንነጋገርበት።

ጥጃ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ በ39 ዲግሪ ግድም ይኖራል። ሲወለድ እርጥብ ሆኖ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት 12 ዲግሪ አካባቢ በሚወርድ አየር ላይ ይወድቃል። ሙቀት የሚያመነጭበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ሁላችንም የምናየው መንቀጥቀጥ ነው፤ ጡንቻ ይሠራል፣ ሙቀት ይወጣል። ሁለተኛው አይታይም። በኩላሊቱ ዙሪያና በደረቱ ውስጥ ቡናማ ስብ ይዞ ይወለዳል፤ ይህ ስብ ሲነድ ኃይሉን ለሌላ ሥራ ሳያውል በቀጥታ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በበግ ግልገል ላይ፣ ብርዱ ሲበረታ ከሚመነጨው ሙቀት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከዚህ ስብ ነው። ስቡ ዘለቄታ የለውም፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ተራ ነጭ ስብ ይለወጣል።

ታይሮይድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንገት ላይ ያለው ይህ ዕጢ (አዮዲን ሲጎድለው አብጦ እንቅርት የሚሆነው) በብዛት የሚያመርተው ቲ4 የተባለውን ሆርሞን ነው። ቲ4 ራሱ ደካማ ነው፤ አንድ አዮዲን ተነሥቶለት ቲ3 ሲሆን ነው ሥራ የሚሠራው። ቡናማ ስብ ይህን ለውጥ በራሱ ውስጥ ያካሂዳል፤ ቲ3 ከሌለ የነርቭ ትእዛዝ ቢደርሰውም ስቡ አይነድም። ከመወለዳቸው በፊት ታይሮይዳቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ግልገሎች ሲወለዱ ሙቀታቸውን መያዝ እንደሚያቅታቸው በሙከራ ታይቷል።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ማሞቂያው የሚገጠመው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው። በተወለደበት ሌሊት የምናየው፣ ከወራት በፊት እናቱ የበላችውን ነው። ግን ማሞቂያው ደህና ሆኖ እንገር ያልጠባና ያልደረቀ ጥጃም እንዲሁ ይቀዘቅዛል፤ እኛ አካባቢ የሚበዛውም ይኸኛው ነው።

ሐኪሙ · ከምሽቱ 1:52

ጥሩ መነሻ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ቴርሞሜትር ሳይገባ ስለ ታይሮይድ መነጋገር ትርፉ ድካም መሆኑን ነው። ጆሮ መንካት አይበቃም። ጤነኛ ጥጃም ብርድ ሲሆን ደሙን ከጆሮውና ከእግሩ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ጆሮው ይቀዘቅዛል።

ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አስገቡት፤ ዘንበል አድርጋችሁ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጉ። ፋንድያ መሐል ከተሰካ አሳንሶ ያነባል፤ ጥጃው የሚያስቀምጠው ከሆነና ፊንጢጣው ከላላም እንዲሁ። ባትሪው የደከመ ዲጂታልም ያታልላል፤ ስትጠራጠሩ በብብታችሁ ሞክሩት።

ጥጃ ከ38.5 እስከ 39.5፣ የበግ ግልገል ከ39 እስከ 40 ሲሆን ደህና ነው። ለግልገል ከ39 በታች ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከ37 በታች አደጋ ነው፤ አሠራሩም ይለያል። ጥጃ ከ37 ከወረደ የመጥባት ፍላጎቱ እየጠፋ ይሄዳል፤ ካልጠባ ደግሞ ነዳጅ የለውም፤ ነዳጅ ከሌለው የበለጠ ይቀዘቅዛል። አዙሪቱን የሚሰብረው ሙቀትና እንገር አብረው ሲሰጡ ነው።

ስለ እርጥበቱ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ጥጃው ላይ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ቢኖርና ተንኖ ቢደርቅ፣ ለመትነን 1,200 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከ25 ኪሎ ጥጃ ሰውነት ቢወጣና ጥጃው ምንም ሙቀት ባያመነጭ፣ ሰውነቱ 13 ዲግሪ ይወርድ ነበር። በደረቅ ጆንያ አሥር ደቂቃ በኃይል መጥረግ ይህን ሁሉ ነዳጅ ያድንለታል። በእናት ምላስ ብቻ መተማመን፣ በተለይ የመጀመሪያ ወላድ ከሆነች፣ አያዋጣም። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ 15 ዲግሪ የሚለው ቴርሞሜትር ለእርጥብ ጥጃ ሌላ ትርጉም አለው።

የአርቤጎና በግ · ከምሽቱ 2:10

ዶክተር፣ ከላይ ወደ አርቤጎናና ወደ ሁላ ብርዱ ከሐዋሳ ይብሳል፤ ጥያቄው የበግ ነው። መንታ ከሆኑ አንዱ ቀዝቅዞ ይገኛል። ሰው ሁሉ እሳት ዳር ያስቀምጠዋል፤ ሲሞቅ ይንፈራገጥና ይሞታል። ለምንድን ነው ሙቀት የሚገድለው?

ሐኪሙ · ከምሽቱ 2:41

የሚገድለው ሙቀቱ ሳይሆን ስኳሩ ማለቁ ነው። ቀዝቃዛ አካል፣ ቀዝቃዛ አንጎልም፣ ስኳር የሚፈልገው በትንሹ ነው። በእሳት ስታሞቁት ፍላጎቱ በአንዴ ይመለሳል፤ ደሙ ውስጥ ግን ስኳር የለም። መንፈራገጡ የዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ የዕድሜውን ሰዓት ማወቅ ግድ ነው።

ከተወለደ 5 ሰዓት ያልሞላው ግልገል ቡናማ ስቡን ገና አልጨረሰም። ይህን አድርቁት፣ አሙቁት፣ ከዚያ እንገር ስጡት። 5 ሰዓት ያለፈውና ከ37 በታች የሆነው ግን ስቡ አልቋል፤ ከማሞቅ በፊት ግሉኮስ ሆዱ ውስጥ መወጋት አለበት። ልኩ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 20 በመቶ ግሉኮስ ነው። መድኃኒት ቤት የሚገኘው ባለ 40 በመቶ ስለሆነ፣ ለ3 ኪሎ ግልገል 15 ሚሊ ከእሱ፣ 15 ሚሊ ደግሞ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ወስዳችሁ ቀላቅሉ፤ ሲሪንጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይዛችሁ ፈሳሹን ወደ ሰውነት ሙቀት አምጡት። ቀዝቃዛ መውጋት ጉዳት ነው።

ግልገሉን በፊት እግሮቹ አንጠልጥሉት። ቦታው ከእትብቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ነው። ቆዳውን በአልኮል ጥረጉ፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ንጹሕ መርፌ፣ 45 ዲግሪ ዘንበል አድርጋችሁ ጫፉን ወደ ጭራው ሥር አነጣጥራችሁ አስገቡ። ቀጥ ብሎ ከገባ አንጀት ይወጋል። አንድ ሰው ይዞ ሌላው ይውጋ። ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ባለሙያ ሲሠራ ይይ።

ከዚያ ሙቀቱ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡት፤ ከ40 አይለፍ። በየ20 ደቂቃው ለኩ። 37 ሲያልፍና ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ ሲችል አውጡትና በቱቦ እንገር ስጡት፤ በኪሎ 50 ሚሊ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ 200 ሚሊ እስኪሞላ። ራሱን መያዝ ላልቻለ ግልገል በቱቦ መስጠት ወተቱን ሳንባው ውስጥ ማፍሰስ ነው።

ታቦር ሥር · ከምሽቱ 3:05

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን፣ ለጥጃው ቲንክቸር አዮዲን ሁለት ሦስት ጠብታ ምላሱ ላይ ብናደርግለት ታይሮይዱ አይሠራም እንዴ? ብዙ ሰው እያደረገው ነው።

የጥጃ ቤት · ከምሽቱ 3:30

ወንድሜ፣ ይህን ተዉት፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ጊዜው አልፏል። አዮዲን ወደ ዕጢው ሄዶ፣ ቲ4 ተሠርቶ፣ ወደ ደም ወጥቶ፣ ወደ ቲ3 ተለውጦ፣ ቲ3ው ደግሞ የቡናማ ስቡን አሠራር እስኪያነቃ ቀናት ይሄዳሉ። ጥጃው የሚሞተው በዚህች ሌሊት ነው። ዛሬ የሚያሞቀው ጨርቅና እንገር ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። ለእትብት የተሠራ ቲንክቸር አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። አዮዲን ሲበዛም ታይሮይድን ይዘጋል እንጂ አያነቃም፤ ድንገት ብዙ አዮዲን የደረሰበት ዕጢ ሆርሞን ማምረቱን ያቆማል። እትብቱን አንዴ ሁለቴ ቲንክቸር ውስጥ መንከር ችግር የለውም፤ መንከር አለበትም። ማጠጣት ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ቀድሞውንም አዮዲን ያልጎደለው ጥጃ ነው አብዛኛው። ጥጃ ሲወለድ የታይሮይድ ሆርሞኑ ከትልቅ ከብት ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት እየወረደ ይሄዳል። ይህ ከፍታ የሚነሣው ከእትብቱ መቆረጥና ከብርዱ ራሱ ጋር ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ፣ በምጥ ረጅም ጊዜ የታነቀ ጥጃ ግን ይህ መነሣት ይደክምበታል። ያለ ቀኑ ለተወለደው ምክንያቱ ቲ4ን ወደ ቲ3 የሚለውጠው ኢንዛይም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ቀናት ኮርቲሶል በተባለ ሆርሞን የሚነቃ መሆኑ ነው። ፀጉሩ አጭርና ለስላሳ፣ ጥርሱ ከድድ ያልወጣ፣ ኮቴው ለስላሳ ጥጃ ካያችሁ፣ አዮዲን ጎድሎት ሳይሆን ጊዜ ጎድሎት ነው።

ይህንኑ ኢንዛይም የሚሠራው ሴሌኒየም ነው። አዮዲን ሞልቶ ሴሌኒየም ከጎደለ ቲ4 ይኖራል፣ ቲ3 አይኖርም። የሴሌኒየም መርፌ ግን ዕቃው ላይ ከተጻፈው ልክ ውጭ አይሰጥም፤ ከልክ ያለፈው ግልገል ይገድላል።

መኖ ቀማሚ · ኅዳር 21፣ ከጠዋቱ 3:20

ከላይ የተነገረው «እናት የበላችው» የሚለው ክፍል ነው የሚመለከተኝ። «ላሜ አዮዲን ያለው ጨው ትልሳለች» የሚለው ምቾት ሰዎችን አሳስቷል። እስኪ እናስላ።

450 ኪሎ የሆነች ክልስ ላም በቀን 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። በኪሎ መኖ 0.5 ሚሊግራም አዮዲን ስትፈልግ፣ በቀን 4.5 ሚሊግራም ነው። የእኛ የወጥ ጨው አዮዲኑ በኪሎ 40 ሚሊግራም ቢሆን እንኳ፣ 30 ግራም የላሰች ላም የምታገኘው 1.2 ሚሊግራም ነው። ሳሩና ፉርሽካው ትንሽ ይጨምራሉ፤ ግን አፈሩ ደሃ ከሆነ ሳሩም ደሃ ነው። ያ ጨው ለሰው ምግብ የተለካ ነው፤ ለላም አልተለካም።

ደግሞ ጨው ፀሐይና ዝናብ ላይ በድንጋይ ገበታ ሲቀመጥ አዮዲኑ ይጠፋል። አዮዳይድ የተባለው ዓይነት ቶሎ ይሄዳል፤ አዮዴት ይሻላል። ከብት የሚልሰው የቦሌ አፈርም ቢሆን ጨዋማ ስለሆነ ብቻ አዮዲን አለው ማለት አይደለም፤ ሶዲየም ሌላ፣ አዮዲን ሌላ።

በመኖ ውስጥ መጨመር ለሚፈልግ፦ ፖታሲየም አዮዴት ከክብደቱ 59 በመቶው አዮዲን ነው። ላሟ በቀን 3 ኪሎ ድብልቅ መኖ የምትበላ ከሆነ፣ ለ100 ኪሎ ድብልቅ ሩብ ግራም ብቻ ይበቃል። ሩብ ግራም በ100 ኪሎ ውስጥ እኩል እንዲበተን ማድረግ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ በደረጃ ይሠራል። 2.5 ግራም አዮዴት በላመ ደረቅ ጨው 1 ኪሎ ውስጥ በደንብ ይቀላቀላል። ከዚያ ከዚህ ጨው 100 ግራም ይወሰድና በ5 ኪሎ ፉርሽካ ይታሻል፤ 5ቱ ኪሎ ደግሞ ከቀረው 95 ጋር ይገላበጣል። የቀረው ጨው በጨለማ፣ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። በጅምር ላይ ያለው ሚዛን የወርቅ ሚዛን መሆን አለበት፤ የሥጋ ቤት ሚዛን 2.5 ግራምን አያውቃትም።

ነጥብ በሁለት ቤት ብትዘዋወር ችግር ነው። መቶ እጥፍ ከተሳሳተ በቀን 450 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለከብት ከሚቻለው ከፍተኛ ጣሪያ አጠገብ ነው። ዓይኗ የሚያነባ፣ አፍንጫዋ የሚፈስ፣ ሳል የያዛት ላም አዮዲን በዝቶባት ሊሆን ይችላል።

የአርቤጎና በግ · ከጠዋቱ 3:48

ፋጉሎስ (ዘይቱ የተጨመቀ ዘር ተረፈ)? የጎመን ዘር ፋጉሎ እንቅርት ያመጣል ሲሉ ይሰማል። ከገበያ የሚሰበሰብ የጎመንና የጥቅል ጎመን ትራፊም ለበግ ይሰጣል። በደቡብ ደግሞ ካሳቫ አለ።

መኖ ቀማሚ · ከረፋዱ 4:30

ያመጣሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ መፍትሔያቸውም አይመሳሰልም።

ካሳቫና ተልባ ውስጥ ያለው ሳይናይድ የሚሰጥ ነገር በከብቱ አካል ውስጥ ወደ ታዮሳያኔት ይለወጣል። ታዮሳያኔት አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ በር ላይ ይሻማል። ስለዚህ አዮዲኑን ስትጨምሩ ሽሚያውን አዮዲን ያሸንፋል፤ በእጥፍ መጨመር ይበቃል። ካሳቫውን ቆራርጦ በፀሐይ በደንብ ማድረቅ ሳይናይዱን ይቀንሳል፤ መራራው ዓይነት ግን እርጥቡን ለነፍሰ ጡር በግ አይሰጥም።

የጎመን ዘር ፋጉሎ በብዛት ጎይትሪን የተባለ ንጥረ ነገር ነው ያለው፤ ይህ ሆርሞኑ በሚሠራበት ቦታ ላይ ስለሚዘጋ አዮዲን ብትጨምሩም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ላብራቶሪ ዳር · ከረፋዱ 4:55

አንድ እርማት፣ ወንድም። እሱ የምዕራቡ ዓለም የጎመን ዘር፣ የሬፕሲድ ታሪክ ነው። የእኛ የሀበሻ ጎመን ዘር ውስጥ በብዛት ያለው ሲኒግሪን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲፈርስ የሚሰጠው ደግሞ በዋናነት ሰናፍጭ የሚያቃጥለውን ዘይትና ታዮሳያኔትን ነው። ጎይትሪን የሚወጣው ፕሮጎይትሪን ከተባለው ነው፤ እሱ በእኛ ጎመን አነስተኛ ነው። ስለዚህ አዮዲን ማሳደጉ ለእኛ ፋጉሎ ከተባለው የበለጠ ይሠራል። ይህ ማለት ግን እንደልብ ይሰጥ ማለት አይደለም፤ ሲኒግሪን የመኖ ፍላጎትንም ይቀንሳል፣ መራራ ነው።

መኖ ቀማሚ · ከረፋዱ 5:02

ተቀብያለሁ፤ ልክ ነህ። ለነፍሰ ጡር ላም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የኑግ ፋጉሎን መሠረት አድርጎ የጎመን ዘሩን ማስወጣት ነው የምመክረው። ኑግ ይህ ጣጣ የለበትም።

አንድ ሊረሳ የማይገባ ነገር፦ እናቲቱ ጤነኛ ልትመስል ትችላለች። የእንግዴ ልጁ አዮዲንንም፣ ታዮሳያኔትንም ያሳልፋል፤ የእናቲቱን ሆርሞን ግን እምብዛም አያሳልፍም። ስለዚህ ጽንሱ የራሱን ሆርሞን ራሱ መሥራት አለበት፤ ሲጎድልበት የሚጎዳው እሱ ነው። ላሟ ወተት እየሰጠች፣ ጥጃዋ ግን ፀጉር አልባ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ፍየል ጠባቂ · ከቀኑ 7:15

ጤና ይስጥልኝ። የፍየል ግልገሎች አንገታቸው ሥር፣ ከመንጋጋቸው በታች ያብጣል፤ ሁለት ወር የሆናቸው ናቸው፤ ይጠባሉ፣ ይዘላሉ። አዮዲን እንስጥ?

ሐኪሙ · ከቀኑ 8:00

እህቴ፣ እነዚህ አዮዲን አያስፈልጋቸውም። የሚጠቡ ጠንካራ የፍየል ግልገሎች አንገት ላይ የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ታይመስ የተባለው ዕጢ ነው፤ ጥሩ ወተት በሚጠቡት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ሲያድጉ ራሱ ይጠፋል። እንቅርት የሆነው ግልገል ገና ሲወለድ ነው ያበጠው፤ ደካማ ነው፣ ፀጉሩ ሳስቷል ወይም የለም፣ መጥባት ይቸግረዋል፣ ይቀዘቅዛል። እርግዝናው ከቀኑ ያልፋል፤ ሞተው የሚወለዱም ይኖራሉ። አንድ ግልገል ብቻ ሳይሆን በአንድ ወራት የተወለዱት ብዙዎቹ ላይ ይታያል። ከሁሉም እንስሳት ፍየል ለአዮዲን ጉድለት ይበልጥ ስሱ ስለሆነ፣ መንጋው ውስጥ ችግር ካለ ፍየሉ ላይ ቀድሞ ይታያል።

ተመሳሳይ እንቅርት በአንድ አባት ዘር ላይ ብቻ ከተደጋገመ ደግሞ የዘር ጉድለት ይጠርጠር። በደቡብ አፍሪካ አፍሪካንደር ከብት ላይ ሆርሞኑ የሚሠራበት ፕሮቲን በዘር የተበላሸበት እንቅርት ይታወቃል። ያኔ አዮዲን ማፍሰስ ፋይዳ የለውም፤ አባቱን መለወጥ ነው።

የጥጃ ቤት · ከቀኑ 8:20

ዶክተር፣ ሞቶ የተወለደውን ጥጃ ሳይጥሉት ማረጋገጫ የሚሆን ነገር ብታስረዱን። ሁሉም ይቀብረዋል፤ ማስረጃውም አብሮ ይቀበራል።

ሐኪሙ · ከቀኑ 9:10

ጓንት ልበሱ፤ ሞቶ የሚወለድ ጥጃ በብሩሴላ (ወደ ሰው በሚተላለፍ የማስወረድ በሽታ) ምክንያት ሊሆን ይችላልና ያለ ጓንት አይነካም። አንገቱን ከመንጋጋው ሥር ወደ ደረቱ ሰንጥቁ። የንፋስ ቧንቧው ላይ፣ ከጉሮሮው እብጠት በታች፣ በሁለቱም ጎን የተለጠፉ ቀላ ያሉ ክንፎች ናቸው ታይሮይድ፤ በከብት በጠባብ ድልድይ የተያያዙ ናቸው። ወደ ደረቱ ወረድ ብሎ የሚገኘው ገርጣ ያለና ቁርጥርጥ የሚመስለው ታይመስ ነው፤ አትሳሳቱ። ክንፎቹን ሁለቱንም አውጡ፣ ስብና ሽፋኑን ግፈፉ፣ በወርቅ ሚዛን መዝኑ።

ጥጃ ላይ ሁለቱ ተደምረው ከ13 ግራም በላይ ከሆኑ እንቅርት ነው። ግልገል ላይ በሰውነቱ ኪሎ ከ0.8 ግራም በላይ ከሆነ የአዮዲን ጉድለት እጅግ ይጠረጠራል፤ 3 ኪሎ ለሆነ ግልገል 2.4 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ ግልገሉን አስቀድሞ መመዘን ያስፈልጋል። ከክንፎቹ አንዱን በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ አስገብታችሁ አቆዩ፤ ፎርማሊኑ ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን። የግብርና ቢሮ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም የዩኒቨርሲቲው እንስሳት ሕክምና ክፍል ሊያየው ይችላል።

ዕጢው ትንሽ ሆኖ ከተገኘ፣ «ብርድ መታው» ያለው ሰው ልክ ነበር ማለት ነው። ያኔ የሚጠየቀው ምን ያህል እንገር እንደጠባ፣ በስንት ሰዓት እንደጠባና እንደደረቀ ነው። የሆልስታይን ክልስ 35 ኪሎ ጥጃ በመጀመሪያው ጥባት 3 ሊትር ያህል፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ደግሞ የክብደቱን 10 በመቶ ማግኘት አለበት፤ 22 ኪሎ ለሆነው የሀገር ጥጃ ከ2 ሊትር በላይ ማለት ነው። መጀመሪያው ጥባት ከ2 ሰዓት ቢያልፍ እንኳ 4 ሰዓት አይለፍ። «ጡቷን ተጠግቶ አየሁት» መጠን አይነግርም።

ጫጩት አሳዳጊ · ከምሽቱ 12:40

ስለ ጫጩት ማንም አላነሣም። ጫጩትም የታይሮይድ ሆርሞኑ ቅርፊቱን መንቆር ሲጀምር ይነሣል፤ ግን ቡናማ ስብ የለውም። ሙቀቱ ሁሉ ከጡንቻው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ራሱን በቅጡ ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ ለእሱ ሙቀቱ ከውጭ መምጣት አለበት፤ የሰው ሥራ ነው።

ቤቱን ጫጩቱ ከመምጣቱ 24 ሰዓት አስቀድሞ አሙቁ፤ አየሩ ሞቆ ወለሉ ከቀዘቀዘ በእግሩ ይወጣል። መጀመሪያ ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይውረድ። የሁሉም መለኪያ የጫጩቱ ራሱ ሙቀት ነው፤ በፊንጢጣው በኩል ሲለካ ከ40 እስከ 40.6 መካከል ይሁን። ካልለካችሁ እነሱን እዩ፦ መብራቱ ሥር ከተከመሩ ቀዝቅዟቸዋል፣ ከዳር ተበትነው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ እኩል ተበትነው ድምፃቸው ዝቅ ካለ ደህና ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ሰው ወደ ከሰል ይሮጣል። ጭሱ ስለጠፋ መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ፍም የሆነ ቀይ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበልጥ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ጫጩቱንም አሳዳጊውንም ይገድላል። ከሰል ካስፈለገ ማንደጃው ውጭ ሆኖ የተሞቀው ነገር ወደ ውስጥ ይግባ፦ ድንጋይ ወይም ሃይላንድ ውስጥ የገባ ሙቅ ውሃ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ለጥጃና ለግልገልም ይኸው ይሠራል፤ ሃይላንዱ ያለ ጨርቅ ከተጠጋ ግን ቆዳ ይልጣል።

ታቦር ሥር · ከምሽቱ 1:30

ቲንክቸሩን ተውኩት። ለዘንድሮ ወላዶች ግን የሚደረግ ነገር አለ? በጎቹ በየካቲት ይወልዳሉ።

ሐኪሙ · ከምሽቱ 1:55

ጊዜ አለህ። በግ 5 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ የካቲት የምትወልደው አሁን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ላይ ነች። እንቅርት በመንጋው ውስጥ የታየ ከሆነ፣ ወይም የጎመን ትራፊ በብዛት የምትበላ ከሆነ፣ በ4ኛው ወር መግቢያና በ5ኛው ወር መግቢያ ላይ ለእያንዳንዷ በግ 280 ሚሊግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በአፍ ይሰጣታል። በአንድ በግ 20 ሚሊ ውሃ ለማጠጣት፣ ለ10 በግ 2.8 ግራም በ200 ሚሊ ንጹሕ ውሃ ይሟሟል። የሟሟው በዕለቱ ይለቅ፤ ብርሃን ያበላሸዋል።

ቀኑ ያልታወቀ ከሆነ፣ ግቷ መሙላት ስትጀምር የመጨረሻው ወር መሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ አንዴም ቢሆን ይጠቅማል። እንቅርት ያልታየበት መንጋ ከሆነ ግን አትስጥ፤ ዋጋውን ለሚወልዱበት ቤት ደረቅ ጭድና ነፋስ የሚከለክል ሸራ ግዛበት።

ታቦር ሥር · ከምሽቱ 2:02

ሸራው ከሐይቁ በኩል ነው መሆን ያለበት?

ሐኪሙ · ከምሽቱ 2:06

ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ሁሉ፤ ከመሬት ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ከፍታ። ግልገል የሚተኛው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ከሥር ክፍተት ከተተወ ነፋሱ የሚገባው በዚያው ነው። ከላይ ግን ክፍት ይሁን፤ የሽንቱ ሽታ ካልወጣ ከብርዱ ያዳንካቸውን ሳንባቸው ይይዝብሃል።